በአሮጌ ፍራሽና በቀይ ሥር፦ የአምቡላንስ ቡድን ልምምድ እንዴት ይዘጋጃል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሽተኛ ይዞ የወጣ ባለሙያ ሐረጎን፣ ያቺን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ያውቃታል። ከፊት የጫነ ተሳቢ ይንፏቀቃል። በአንድ በኩል ገደል ነው። ከኋላ የበሽተኛው ወንድም «ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል። ይሄኔ የኦክስጅኑ ጌጅ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብታዩስ? ኦክስጅኑ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ኩርባ ላይ የሚያሰላ ሰው ዘግይቷል። ግቢ ውስጥ፣ ማንም በማይሞትበት ቀን፣ አንዴ ተሳስቶ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሲሙሌሽን የሚባለው ሥልጠና ይኸው ነው። እውነተኛውን ጉዳይ የሚመስል ነገር ትፈጥራላችሁ። ባለሙያው እጁን እያንቀሳቀሰ ይሠራዋል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይሠራዋል። ይህን የምጽፈው ከመጀመሪያ እርዳታ አልፈው ለሄዱት ነው። በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቀው ማናፈሻ) ማናፈስ፣ ሳክሽን ማድረግ (አፍ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በመሣሪያ መምጠጥ)፣ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ማስገባት፣ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ማሰር ለምትችሉት ማለቴ ነው። እያንዳንዱን ሙያ ለየብቻው ታውቁታላችሁ። የሚያስቸግረው ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በብርድ፣ በጩኸት መሃል መሥራት ነው።

ብዙ ሰው ሲሙሌሽን ሲባል በኮምፒውተር የሚተነፍስ ውድ አሻንጉሊት ይታየዋል። ቢኖር አልጠላም። ግን የሁሉም እናት የምትባለዋ ሬሳሲ አን እንኳ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣችው ከአሻንጉሊት ሠሪ እጅ ነው። ሰውየው ኖርዌያዊው አስሙንድ ሌርዳል ነው። ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በውስጧ አልነበረም። ስለዚህ በጀት እስኪመጣ አትጠብቁ።

መጀመሪያ፣ የምታድኑትን ስህተት ምረጡ

ወረቀት አንሱና ባለፈው ወር ተረኛ ሆናችሁ ምን እንደተበላሸ ጻፉ። ደም ቶሎ አልቆመም? ሆስፒታል ስትደርሱ ላይዘኑ (የሚላክ በሽተኛን ሪፖርት የሚቀበለው ባለሙያ) ስለ በሽተኛው ምንም አልሰማም ነበር? ቃሬዛው ደረጃ ላይ አላልፍ አለ? ከነዚህ አንዱን ብቻ ያዙ። በአንድ ልምምድ ሁሉንም ላስተምር ያለ ሰው ሁሉንም ያደናግራል።

ዓላማው በዓይን የሚታይ፣ በሰዓት የሚለካ ይሁን። ለምሳሌ «ቡድኑ ተጎጂውን ባገኘ በ2 ደቂቃ ውስጥ የጭኑን ደም ያቆማል» በሉ። «ስለ ደም መፍሰስ ግንዛቤ ያገኛሉ» የሚለው የወርክሾፕ ባነር ላይ ያምራል እንጂ እዚህ አይሠራም።

ከዚያ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጻፉ

ከአንድ ገጽ ካለፈ እናንተም አታነቡትም። እኔ የምጠቀምበት አንዱ ይህን ይመስላል፦

ጉዳዩ፦ ሐረጎ ላይ አይሱዙ ተገልብጧል። ሁለት ተጎጂ አለ።
ተጎጂ አንድ፦ የ40 ዓመት ሴት። የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። ትጮኻለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች።
ተጎጂ ሁለት፦ የ25 ዓመት ረዳት። ጎማው ሥር ተቀምጦ ዝም ብሏል። ጥቁር ሱሪው ሥር ጭኑ እየደማ ነው።
የረዳቱ ሁኔታ ሲጀመር፦ የልብ ምት 128፣ ቢፒ (የደም ግፊት) 90/60፣ ትንፋሽ በደቂቃ 28።
ደሙ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከቆመ፦ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል።
4 ደቂቃ ድረስ ካልቆመ፦ የልብ ምት 140፣ የእጅ አንጓ ምት ይጠፋል፣ መዘባረቅ ይጀምራል።
ማብቂያ፦ የስልክ ሪፖርቱ ሲያልቅ፣ ወይም 10ኛው ደቂቃ ላይ።

ሴትዮዋ ለምን እንደገባች ገብቷችኋል። ጩኸት ሰው ይጎትታል። የምትጮኸው ግን እየተነፈሰች ነው፣ እየሄደችም ነው። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው። አዲስ ቡድን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እሷ ሮጦ ይሄዳል። ይሂድ፣ አትከልክሉት።

እግሩን መሥራት

ይህን ክፍል እወደዋለሁ፤ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ። ከፍራሽ ቤት ቁራጭ ስፖንጅ ግዙ። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ውሰዱ፤ እሱ አጥንቱ ነው። ለስላሳ የጎማ ቱቦ በቧንቧው ርዝመት ላይ አስተኙና በፕላስተር ያዙት። የግሉኮስ ቱቦም ይሆናል፣ ትንሽ ይጠነክራል እንጂ። ከላዩ ስፖንጁን ጠቅልሉና በገመድ አጥብቁ። አሁን ከታች በኩል ስፖንጁን በምላጭ ቅደዱ። 8 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፣ እስከ ቱቦው ይጥለቅ። የቱቦው ጫፍ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይውጣ። ሌላኛው ጫፍ ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሂድ። በመጨረሻ አሮጌ ሱሪ አልብሱት።

አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ጠርሙሱን እንደ ልብ ምት ጨመቅ ጨመቅ ያድርግ። ቱቦው ከአጥንቱ ላይ የተኛው ለዚህ ነው፦ ቱርኒኬቱ በደንብ ሲጠመዘዝ ቱቦው ቧንቧው ላይ ተጨፍልቆ ደሙ በእርግጥ ይቆማል። ላላ ካለ ይፈስሳል። «አስሬዋለሁ» የሚል ሰው መሬቱ ላይ ያያል፤ እናንተ መፍረድ አያስፈልጋችሁም።

ደሙ ቀይ ሥር ነው። ቀቅሉና ውኃውን አጥልሉት። ለቱቦው ቀጭኑ ይሁን። መሬት ላይ ለሚረጋው ደግሞ ተልባ አፍልታችሁ ቀላቅሉበት። ሲዝለገለግ የረጋ ደም ይመስላል፣ ያውም ያስጠላል። ቀይ ሥር ልብስ ላይ እንደሚቀር ለተዋናዩ አስቀድማችሁ ንገሩት። እኔ አልነገርኩም ነበር፤ ሸሚዝ ገዝቻለሁ።

ደሙን ካፈላችሁ አይቀር አንድ ጨዋታ ጨምሩ። ግማሽ ሊትር አስፋልት ላይ፣ ግማሽ ሊትር አፈር ላይ፣ ግማሽ ሊትር ደግሞ አሮጌ ጋቢ ላይ አፍስሱ። ሁሉም ስንት እንደሆነ በወረቀት ይገምት። አስፋልቱ ላይ ያለው ብዙ ይመስላል። ጋቢው ጠጥቶ ይደብቀዋል። ቤቷ ወልዳ ደም የሚፈስሳት እናት ዘንድ የምትደርሱት ጋቢና አንሶላ ላይ ነውና ይህን ማወቁ ቀላል አይደለም። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትር ማለት ደግሞ አደጋው ተጀምሯል ማለት ነው።

ለሳክሽን አጥሚት የሚያህል የለም። የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጣችሁ አስፉና አጥሚቱን ሙሉበት፤ ሳክሽኑ ሲደፈን ምን እንደሚደረግ ያኔ ይታያል። በአሻንጉሊት አፍ ውስጥ ግን እንዳታፈስሱ። አንዴ በተውሶ አሻንጉሊት አድርጌው ሽታው ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም። ሁለተኛ አላዋሱኝም፤ እውነት አላቸው።

አጥንት ውስጥ መርፌ ማስገባት የምትለማመዱ ከሆነ ሉካንዳ የበግ ቅልጥም አለ። በጾም የክርስቲያኑ ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፤ ደሴ ነውና።

እቤት በተሠራ መለማመጃ የማይሆን አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሲፒአር ነው፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረት እየተጫኑ ማነቃቃት። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ደረቱ በየግፊቱ ሙሉ በሙሉ መመለስ አለበት። ይህን ፍራሽ አያስተምርም። ደሴ ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅም አሉ። ደብዳቤ ጻፉና ለአንድ ቀን አሻንጉሊት ለመዋስ ጠይቁ። ንጹሕ አድርጋችሁ መልሱ።

ቦታው

የመማሪያ ክፍል ወንበር ገፍቶ መለማመድ ከምንም ይሻላል። ግን ሥራችሁ እዚያ አይደለም። ጠባብ ደረጃ ያለው ፎቅ ፈልጉ። ደሴ ዳገት ናትና ድንጋያማ ኮረብታም አይጠፋም፤ ቃሬዛ ይዛችሁ ውረዱበት። ሲመሽም ተለማመዱ። የደሴ ብርድ ደም ለፈሰሰው ሰው ሌላ ጠላት ነው። የቀዘቀዘ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም። እርጥብ ልብስ አውልቆ በጋቢና በብርድ ልብስ መሸፈን በታሪኩ ውስጥ ይግባ።

ሰው በሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ለቀበሌና ለፖሊስ አሳውቁ፣ «ልምምድ ላይ ነን» የሚል ትልቅ ጽሑፍም ስቀሉ። እኛ አንዴ ሳንለጥፍ ጀመርን። ተዋናያችን በቀይ ሥር ተለውሶ መንገድ ዳር ተኝቷል። ቡድኑ ጥግ ላይ ምልክት ይጠብቃል። አንድ ባጃጅ ቆመ። ልጁ ወረደ፣ «አብሽር ወንድሜ!» አለና አፍሶ ባጃጁ ላይ ጫነው። ተዋናዩ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ባጃጁ «አይዞህ አትናገር፣ ደክመሃል» ይላል። ሮጠን ነው ያስጣልነው። ልጁን ሻይ ጋበዝነው። በኋላ ሳስበው ግን ያስተማረን ነገር አለ፦ እውነተኛ አደጋ ላይ ሕዝቡ ቀድሟችሁ ይደርሳል፣ ቀድሟችሁም ያነሳል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በየታሪኩ አንድ ደግ ባጃጅ እንጨምራለን። ቡድኑ ሰውየውን ሳያስቀይም እንዴት ሥራ እንደሚሰጠው ይለማመዳል። «ወንድሜ፣ አንተ ራሱን እንዳይንቀሳቀስ ያዝልኝ» ያለ ያሸንፋል።

አንድ ነገር ላሳስብ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ጦርነቱ የገባባቸው ከተሞች ናቸው። የጥይት ወይም የፍንዳታ ታሪክ ሳትነግሩ ድንገት አታምጡ። ሠልጣኙም ጎረቤቱም ያየው ነገር አለ። ካስፈለገ ቀድማችሁ ንገሩ፤ «እኔ ይቅርብኝ» ያለውን ለምን አትበሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ

ሁሉንም ሰብስቡና ደንቡን ተናገሩ። ይህ ፈተና አይደለም፣ ነጥብ የለውም፣ እዚህ የታየ ስህተት ሻይ ቤት አይወራም። የእውነት የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው ካለ ማንም ሰው «ልምምድ ይቁም!» ይበል፤ ሁሉም እጁን ያነሳል። የልምምድ ቦርሳውን በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጉበት። እውነተኛ መድኃኒት ፈጽሞ አይግባበት፤ የልምምዱም ወደ አምቡላንሱ አይሂድ። ባዶ ብልቃጥ ውኃ ሞልቶ መርሳት ቀላል ነው። በልምምዱ መሃል እውነተኛ ጥሪ ከመጣ አምቡላንሱ ይሄዳል፣ ቀሪው ሌላ ቀን ነው።

ሾፌሩን አታስቀሩት። ብዙ ቦታ ልምምድ ሲባል ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ቃሬዛውን የሚይዘው እሱ፣ ቤተሰቡን የሚያረጋጋው እሱ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ሲፒአር መሥራት እንደማይቻል የሚያውቀውም እሱ ነው።

ሲጀመር አፋችሁን ዝጉ

ለአሠልጣኝ ከባዱ ይህ ነው። ቡድኑ ሲሳሳት ምላሳችሁ ይበላችኋል። ዝም በሉ። የምትናገሩት የተጠየቃችሁትን ብቻ ነው። ቢፒ የለካ ሰው ቁጥሩን ይነገረዋል፤ ያልለካ አይነገረውም። «ቢፒው ስንት ነው?» ብሎ ከሩቅ የሚጠይቅ ካለ ክንዱ ላይ ማሰሪያውን እስኪያጠልቅ ጠብቁ።

የቤተሰብ ተዋናዩ ይረብሽ፣ ግን በልክ። አንዳንድ ተዋናይ ቲያትር ቤት የገባ ይመስለውና ልምምዱን ያጠፋዋል። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ስጡት፣ ይበቃዋል።

ሪፖርቱ በእውነተኛ ስልክ ይሁን። ሌላ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባልደረባ ላይዘን ይሁን። ምን ደረሰ፣ ምን ተጎዳ፣ ምልክቶቹ ስንት ናቸው፣ ምን ተደረገለት፦ አራቱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማለቅ አለባቸው። መሃል ላይ ስልኩን ዝጉባቸው። ኔትወርክ ይጠፋል አይደል? ደግመው ሲደውሉ ከየት እንደሚጀምሩ እዩ።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ቱርኒኬት ያሰረ ሰው የታሰረበትን ሰዓት ይጽፋል። እኛ አገር ግን ሰዓት ሁለት ነው። አንዱ ሠልጣኝ «10፡20» ብሎ ጻፈ። ተቀባዩ በፈረንጅ አቆጣጠር አነበበው። በእኛ ከቀኑ 10፡20 ነበር፤ በፈረንጁ 4፡20 ይሆናል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው፤ ሐኪሙ እግሩ የሞተ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ «ከቀኑ 10፡20፣ በኢትዮጵያ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። የምትልኩበት ሆስፒታል በየትኛው እንደሚጽፍም ጠይቃችሁ ያዙ።

ኦክስጅኑን የሚመለከት ታሪክ ስታዘጋጁ ባዶ ሲሊንደር ተጠቀሙና የጌጁን ቁጥር በካርድ ላይ ጻፉ። ካርዱን በየጥቂት ደቂቃው ዝቅ አድርጉት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ሊትር (የሲሊንደሩን የውስጥ መጠን) ጌጁ በሚያሳየው ባር (የግፊት መለኪያ) ማባዛት። 5 ሊትር ሲሊንደር 60 ባር ካለው 300 ሊትር ኦክስጅን አለው። ከረጢት ያለው ማስክ በደቂቃ 15 ሊትር ከወሰደ 20 ደቂቃ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ዳገት። አያደርስም። ሠልጣኙ ይህን ሳይነሳ ማስላትና ሌላ ሲሊንደር መጠየቅ አለበት።

በዚያው የፐልስ ኦክሲሜትሩን፣ ጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየውን፣ ነገር አሳዩ። ሁሉም የራሱን ጣት ኮምቦልቻ ላይ ይለካ፣ ደሴ ሲደርስ ይድገም። ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ አያስደነግጥም። የራሱን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የበሽተኛውን በትክክል ያነባል።

ውይይቱ

ልምምዱ 10 ደቂቃ ከወሰደ ውይይቱ 20 ይውሰድ። ጊዜ ካጠረ ከልምምዱ ቀንሱ፣ ከዚህ አትቀንሱ። ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። ቡና ካለ ይፍላ።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይሉኝታ ነው። ታናሹ በታላቁ ፊት አይናገርም። ነርሷ ስህተቱን አይታለች፤ ግን አለቃዋ ነው ያጠፋው። ስለዚህ ከታች ጀምሩ። ሾፌሩ ቀድሞ ያየውን ይናገር፣ ቡድን መሪው መጨረሻ ላይ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አየህ?» ይሁን። «ምን አጠፋህ?» ካላችሁ ሁሉም ጠበቃ ይሆናል።

ከዚያ ያያችሁትን ሳትፈርዱ ተናገሩና ሐሳቡን ጠይቁ። አንድ ቀን አንዱን ወጣት እንዲህ አልኩት፦

«ቁስሉ ላይ ጎዝ ስትጨምር አየሁ። አንዱ ሲርስ ሌላ፣ ሦስት ጊዜ። ቱርኒኬቱ ኪስህ ውስጥ ነበር። ምን እያሰብክ ነበር?»

ዝም አለ። መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ጋሼ፣ ካሰርኩት እግሩ ይቆረጣል ብዬ ፈራሁ» አለ።

ሌሎቹን ጠየቅኩ። ሦስቱ እንደሱ ያስባሉ። እንግዲህ «ለምን አላሰርክም!» ብዬ ብጮህበት ኖሮ «ረሳሁት» ይለኝና ያልፍ ነበር። ፍርሃቱ ግን ውስጡ ይቀራል። በዚያ ቀን ስለ ፍርሃቱ ተነጋገርን። ቱርኒኬት እስከ 2 ሰዓት ያህል ቢቆይ እግር የሚያሳጣበት ዕድል ትንሽ ነው። ከሐረጎ ሆስፒታል ደግሞ ያን ያህል አይርቅም። ደሙ ግን በደቂቃዎች ይገድላል። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም፣ መንገድ ላይ አይላላም።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው ለቀጣዩ ተራ የሚለውጠውን አንድ ነገር ብቻ ይናገር። አንድ ብቻ። ዝርዝር የያዘ ሁሉንም ይረሳል።

ወዲያው ድገሙት

ያንኑ ታሪክ፣ በዚያኑ ቀን፣ ቦታ ተቀያይራችሁ። ጠርሙሱን ሙሉ፣ ሱሪውን መልሱ። ብዙ ሰው «አሁንማ አውቀውታል» ብሎ ይዘለዋል። ማወቅና እጅ መልመድ ለየቅል ናቸው። ቱርኒኬቱ የታሰረበትን ደቂቃ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። በሦስት ወር ሌላ ጊዜ አድርጉት፤ ያኔ ቁጥሩ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም።

ሠልጣኞቹ ጾም ላይ ከሆኑ፣ የረመዳንም የሁዳዴም ቢሆን፣ ጠዋቱን ለሥራ፣ ከሰዓቱን ለወሬ አድርጉት። ባዶ ሆድ ቃሬዛ ዳገት አያስወጣም።

ሲያልቅ የመጀመሪያው ሥራ አምቡላንሱ ነው። ቱርኒኬት ስንት ነበር፣ ስንት ተመለሰ? ጎዝ ተተካ? የአምቡ ባጉ ማስክ ታጠበ? የኦክስጅኑ እውነተኛ ጌጅ ስንት ይላል? ሾፌሩና አንድ ነርስ ቆጥረው ይፈርሙ። ስፖንጁን እዚያው አጥቡት፤ አጥሚትና ቀይ ሥር ያደረበት ፍራሽ ጠዋት አይነካም።